የሲስተር ሞተርና ትንሹ ቻርጀር

የወንድሜ ሚስት ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል፤ እኔ «እትዬ» እላታለሁ፤ ወንድሜ ደስ ሲለው «የኔ እመቤት»፣ ሲከፋው ደግሞ «ይቺ ሴትዮ» ይላታል። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው። ፈጣሪ ቁመት ሲያድላት ትንሽ ቆጥቦባታል፤ የቆጠበውን ግን ምላሷና እግሯ ላይ ጨምሮ ክሷታል። ከአሥር ደቂቃ በላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያየኋት በሠርጓ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ቢሆን ብርጭቆ የቆረጣትን የሚዜዋን ጣት ለማሰር አንድ ጊዜ ብድግ ብላለች።

ሥራዋ እንዲህ ነው። በጠዋት መድኃኒትና ፋሻ የሞላ ሳጥኗን ይዛ አልጋ ላይ የዋሉ፣ ደረጃ መውረድ ያቃታቸው፣ እግራቸው የቆሰለ ሰዎች ቤት ድረስ ትሄዳለች። ትወጋለች፣ ታጥባለች፣ ትጠቀልላለች፣ ትቆጣለች። በአንድ ጠዋት አሥራ አራት ቤት! መጀመሪያ የምትደርሰው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ዘንድ ነው። ስኳር ስላለባቸው መርፌያቸውን ሳይወጉ ቁርስ አይቀምሱም። የመጨረሻዋ ዳሌዋ የተሰበረ ልብስ ሰፊ ናት። በመካከል ያሉትን አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ብዘረዝር እናንተም እኔም እዚሁ ይመሽብናል።

ከቤት ቤት የምትዞረው በሞተር ሳይክል ነው። ሞተሯ የጤና ጣቢያው ንብረት ብትሆንም የምታድረው እኛ ቤት፣ መተላለፊያው ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ነው። ቀይ ናት። የእግር ማስነሻ የላትም፤ በአውራ ጣት የሚጫኑት ማስነሻ ብቻ ነው ያላት። እሱን ሲጫኑት መጀመሪያ ታስባለች፣ ቀጥሎ ትግደረደራለች፣ ካሰኛት ትነሳለች። ለዚህ ነው ወንድሜ «ሙሽራዋ» ብሎ ስም ያወጣላት። «ካልለመኗት ከቤት አትወጣም» ይላል።

ባለፈው ዓመት ግን መግደርደሩ ቀርቶ ጭራሽ እምቢታ ሆነ። እትዬ በአንድ ወር ሦስት ቀን አረፈደች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አስጠራት። ኃላፊው በዕድሜ ከእሷ በብዙ የሚያንስ፣ ትሑትና ደግ ሰው ነው፤ አንድ ዐመል ግን አለው፤ ሁሉን ነገር ከነሰዓቱ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። «ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም» ማለት ይወዳል።

«ሲስተር፣ አስተማሪው ደውለውልኝ ነበር» አላት። «‹እኔና ዳቦዬ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንተያያለን፣ ሲስተር የለችም› ነው የሚሉት።»

«ሞተሯ ናት እንጂ እኔማ ከንጋት ጀምሮ ተነስቼ…»

«እንግዲያው ሞተሯን ሌላ ሰው ይያዛት። እርስዎ ካርድ ክፍል ይግቡ። ለዕድሜዎም ዕረፍት ነው።»

ካርድ ክፍሉን አውቀዋለሁ። መስኮት የለውም። ከወለል እስከ ጣሪያ የበሽተኛ ካርድ ተደርድሮበታል፤ በመካከል አንድ ወንበር አለ፤ በሩ ላይ እጅ ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። እዚያ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሰው እጅ እንጂ ፊት አይደለም። እትዬ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጓዳ እየገባች «ዛሬ ደግሞ ለምን ፊትዎ ጠቆረ? ምን በሉ? ማን አስከፋዎ?» ስትል የኖረች ሰው ናት።

«ካርድ ላይ ካርድ ልትጨምሩ ነው?» አለችው። «እኔንም ፋይል አድርጋችሁ መደርደሪያ ላይ ልታወጡኝ?»

ሳቀ። ሲስቅም እንኳ ደብተሩን አልዘጋም። በኋላ ግን አዘነላትና ቀን ቆረጠ። «ሦስት ሳምንት ልስጥዎት። ሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ እኔ ራሴ ከኋላዎ እቀመጣለሁ። አሥራ አራቱንም ቤት እስከ ስድስት ሰዓት ከጨረስን ሞተሯ ከእርስዎ ጋር ትቆያለች። ካልጨረስን ቁልፉን እረከባለሁ።»

ጻፈው። ከጻፈው ደግሞ አለቀ።

እትዬ በዚያው ቀን መካኒኩ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። መካኒኩ በዘይት የጠቆረ እጁን ከእጁ በባሰ ጨርቅ ጠራርጎ ባትሪውን ለካና ራሱን ነቀነቀ።

«ከአንዱ በሽተኛ ቤት እስከ ሌላው ስንት ይርቃል?»

«አንዳንዱ ግድግዳ ይጋራል። ሩቅ የሚባለው እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ነው።»

«እና ለዚህ ለዚህ ሞተር ታስነሺያለሽ?»

«ታዲያ ሳጥኑን ባናቴ ልሸከመው?»

«ስሚኝ ሲስተር» አለና ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ሞተሪኖው፣ ማስነሻዋ ማለቴ ነው፣ አንድ ጊዜ ባስነሳ ቁጥር ከባትሪው አንድ ትልቅ ጉርሻ ይወስዳል። ሞተሯ እየሮጠች ስትሄድ ደግሞ ያንን መልሳ ትተካለች። አንቺ ግን የመተኪያ ጊዜ አትሰጫትም። ትቀሰቅሻታለሽ፣ መቶ እርምጃ ትነጃታለሽ፣ ታጠፊያታለሽ። አሥራ አራት ጊዜ ከጉሮሮዋ እየነጠቅሽ አንድም ቀን አታጎርሻትም!»

«አሁን ምን ይሻላል? በአጭሩ ንገረኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል።»

«ወይ ረጅም መንገድ ንጃት፤ ወይ ሌሊት ሌሊት ቻርጀር ላይ አድርጊያት። ቻርጀር ስትገዢ ግን…»

«ቻርጀር! በቃ፣ ገባኝ። ተባረክ!» ብላ እሱ «ግን» ካለበት ሳይወጣ እሷ መንገዱን ተሻግራለች። እትዬ እንዲህ ናት፤ የሰው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ሰምታ አታውቅም።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሟ መጣ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ለእሱ ሁለት ሰው ካላነሳው ዕቃ ዕቃ አይባልም። ጋራዥ ውስጥ የሚታየው ዓይነት፣ ጎማ ያለው፣ የብረት ሳጥን የሚያህል ቻርጀር እየጎተተ ገባ።

«ሌሊት ምን ያደርጋል?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ በሁለት ሰዓት ጢም አድርጌ እሞላልሻለሁ!»

ቀጠለው። ሳጥኑ እንደ ወፍጮ አጓራ። እኛ ጓዳ ገብተን ጨዋታ ያዝን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንድሜ አፍንጫውን ማሽተት ጀመረ።

«ማነው የተበላሸ እንቁላል የሰበረው?»

ተጋፍተን ወጣን። ባትሪው የስምንት ወር እርጉዝ መስሏል! እትዬ የእጇን ጀርባ እንደ ልማዷ አስጠግታ ወዲያው መለሰችው።

«ትኩሳት አለው! ንቀሉት! በሩን ክፈቱ! አርባ አልፏል!»

«የእኔ መኪና እንዲህ ሆና አታውቅም» አለ ሹፌሩ እየነቀለ።

«ያንተ መኪና ባትሪ በሬ ነው፣ ይሄ ጫጩት ነው! የበሬ ድርቆሽ በአፉ ጎስጉሰህበት…»

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ አሥራ ሁለት ቮልት ላይ ነበር ያደረግሁት።»

የሞተውን ባትሪ በጨርቅ ጠቅልለን እንደገና መካኒኩ ዘንድ። መካኒኩ ገና ከሩቅ ሲያየን መሳቅ ጀመረ።

«ቮልቱስ ልክ ነበር፤ የገደለው አምፔሩ ነው» አለ።

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

«ይኸው ባትሪው ላይ ሰባት ተጽፏል። የዚህን አንድ አሥረኛ ቢያገኝ በቂው ነው። አንድ አምፔር ቢደርስም አይከፋም። ወንድምሽ ሃያ ነው የለቀቀበት። ቀስ ብሎ…»

እትዬ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ግሉኮስ!»

«ምን?»

«ግሉኮስ ነዋ! ለሕፃን ግሉኮስ ስሰቅል በጠብታ ነው። ከረጢቱን ሙሉ በአንዴ ብለቅበት ገደልኩት ማለት ነው። አንተ ሰው፣ መጀመሪያውኑ ጠብታ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ልልሽ ስል መንገድ ተሻገርሽ!»

አዲስ ባትሪ ገጠመላት። በዚህ ጊዜ እጇን ይዞ ሁሉንም ነገር እስከ መጨረሻው አስደመጣት፤ እኔ በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

ቻርጀር ልንመርጥ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እሷ፣ ወንድሜና እኔ። ባለሱቁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ሦስት ቻርጀር ደረደረልን። አንደኛው መያዣ ያለው ብረት ሆኖ ፊቱ ላይ መርፌው የሚወዛወዝ ነው። ሁለተኛው እንደ ሠርግ አዳራሽ አምፖሉ በየቀለሙ የሚያብለጨልጭ። ሦስተኛው ጥግ ላይ ነበር፤ መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር፣ ከስልክ ቻርጀር ብዙም የማትበልጥ።

«ያንን አምጣው» አለች እትዬ።

«ኧረ ሲስተር፣ እሱ ለእርስዎ አይመጥንም። ዘገምተኛ ነው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሌሊቱን ሙሉ!» አለ፣ የጎረቤትን ነውር እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሰየው፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ነው የምተኛው። ስንት ቮልት?»

«አሥራ ሁለት።»

«አምፔሩስ?»

«አንድ።»

«ሲሞላ በራሱ ያቆማል ወይስ እየተነሳሁ ልጠብቀው ነው?»

«በራሱ ያቆማል።»

ከዚያ ገመዱን በክንዷ ለካች። ቀዩን ቆንጣጭ ከፍታ የራሷን ትንሽ ጣት አስነከሰችው። «ይይዛል» አለች። ጥቁሩንም አስነከሰችው። ገልብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ጆሮዋ ስር አድርጋ ወዘወዘችው።

ባለሱቁ ወደ ወንድሜ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ እኚህ ሴትዮ ዕቃ ሲገዙ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«ወንድሜ፣ አንተ በቻርጀሩ ታዝናለህ» አለው ወንድሜ። «እኔም ስመረጥ እንደዚሁ ነው የተገላበጥኩት።»

ቤት እንደገባን እትዬ ለሙሽራዋ እንደ በሽተኛ ትእዛዝ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «መጀመሪያ ሞተሯ ትጥፋ። ቀዩ ከመደመሩ፣ ጥቁሩ ከመቀነሱ ይያዝ። ሶኬት በመጨረሻ ይሰካ። ጠዋት ሲነቀል ሶኬቱ ይቅደም። የላይኛው መስኮት ክፍት ይደር። አጠገቧ ክብሪት የጫረ ወዮለት!» ከስሩም ፈርማበታለች።

ሰካችው። ቻርጀሩ ላይ ያለችው ቀይ አምፖል ቦግ አለች። «ጠብታው ጀመረ» ብላ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ልማድ አይደል!

ጠዋት ስትነሳ አምፖሏ ጠፍታለች። ቀይ የለ፣ ምን የለ። እትዬ ደስታዋ ወደር አጣ። «አላልኳችሁም! ሲሞላ በራሱ ያቆማል ብሎኛል፤ ይኸው አቁሟል!» ማስነሻውን ተጫነች፤ ሙሽራዋ ሳትለመን ተነሳች። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሙሽራዋ ትንሽ አሰበች። በአምስተኛው ቀን ግን አስተማሪው በር ላይ ጭጭ አለች። አምፖሏ ሌሊት ሌሊት በሥርዓቱ «እየጨረሰች» ታድራለች፣ ሞተሯ በቀን እየባሰባት ትሄዳለች። ነገሩ የጤና አልነበረም። እትዬ ሞተር ስትገፋ የታያት መስኮት የሌለው ክፍል ነው።

«ሦስት ሳምንት ከተባለው ሁለቱ ሄደ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጫማዋን ስታወልቅ። ቀልድ አልጨመረችበትም፤ ያኔ ደነገጥኩ። እትዬ ቀልድ ሳትጨምር የምታወራው በሽተኛው ሲከፋ ብቻ ነው።

ቻርጀሩን ይዘን ባለሱቁ ላይ ዘመትን። ባለሱቁ አልተቆጣም። ሰካው፤ ቀይ ቦግ። የራሱን ሙሉ ባትሪ አስያዘው፤ ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴ።

«ሲሞላ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚያድረው እንጂ አይጠፋም» አለን። «ከጠፋ ኤሌክትሪክ የለውም ማለት ነው። ሰፈራችሁ ሌሊት ሌሊት መብራት ይሄዳል እንዴ?»

«እኛ ቤት?» አለ ወንድሜ ኩራት በተሞላበት ድምፅ። «በጭራሽ!»

እዚህ ላይ ስለ ወንድሜ ላውራችሁ። ወንድሜ የአንድ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ጠባቂና ተንከባካቢ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ የመጨረሻ ሆኖ የሚወጣው እሱ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ እያንዳንዱን ክፍል እያጠፋ፣ እያጠፋ፣ እያጠፋ ይወርዳል። እጁ ማብሪያ ማጥፊያውን ዓይኑ ሳያግዘው ያገኘዋል። አንድ ጊዜ የአክስታችን ልጅ ሠርግ ላይ ከሰው በፊት ተሰናብቶ ሲወጣ የአዳራሹን መብራት በሙሉ አጥፍቶ ሄዷል፤ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ! ሰፈር ውስጥ ልጆች «ጋሼ ጨለማው» ነው የሚሉት። እሱ አይሰማቸውም።

ሰኞ ማታ፣ ራት በልተን እንዳበቃን፣ መተላለፊያው ውስጥ ተቀምጬ የቀሚስ ጠርዝ እሰፋለሁ። ሙሽራዋ አጠገቤ፣ ቻርጀሩ ቀይ ዓይኑን አፍጥጧል። ወንድሜ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ መኝታው አለፈ። ሲያልፍ እጁ ብቻዋን ወደ ግድግዳው ሄደች። ጧ! ጨለማ ሆነ። ቀዩም ዓይን አብሮ ተከደነ።

ለካ ያንን ቤት የሠራው ሰው ሶኬቱን ከመብራቱ ጋር በአንድ ማጥፊያ አስሮታል!

«ወንድም ጋሼ! አሁን ምን አደረግህ?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ? ምንም። ልተኛ ነው።»

«እጅህ የት ነው ያለው?»

እጁን ፈለገው። ግድግዳው ላይ ነበር። የሌላ ሰው እጅ ያገኘ ይመስል አተኩሮ አየው።

እትዬ በጩኸቴ ወጥታ አበራች፤ ቀዩ በራ። አጠፋች፤ ቀዩ ጠፋ። ደግማ አበራች። ባሏን አየችው። መብረቅ ሊወርድበት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳቅ ነው የሰማሁት! ግድግዳውን ይዛ እየሳቀች ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ! እኔ ጠብታውን እሰቅላለሁ፣ ባሌ እየተከተለ ይዘጋል!»

«የኔ እመቤት፣ እኔ እኮ…» አለ ወንድሜ፣ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ እየጨመቀ። «ሃያ ስድስት ዓመት…»

«አውቃለሁ። አንተን አይደለም የምስቅብህ፣ እኔን ነው። ‹በራሱ አቆመ› እያልኩ ስጨፍር!»

ማክሰኞ ከእኔ ክፍል በማካፈያ ገመድ ሳብንና ከዚያ ሰካነው። ጠዋት ስናየው የማካፈያዋ ትንሽ ማጥፊያ ተዘግታለች። ወንድሜ ውኃ ሊጠጣ ተነስቶ ነበር፤ ማጥፋቱን አያስታውስም። በዚያ ላይ የመተላለፊያውንም፣ የጓዳውንም አጥፍቷል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን ነበር፤ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለን። እኛን የሚያስጨንቀን ግን ሐሙስ ነው።

ረቡዕ ራት ላይ ወንድሜ ሳህኑን ገፋ አደረገና ተነሳ። ትራሱን በብብቱ ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወንድምሽ ቤት አድራለሁ። እኔ ባለሁበት ቤት ይቺ ሞተር አትሞላም።»

«ትራስህን ይዘህ መንገድ ለመንገድ? ሰው ምን ይላል?»

«‹ሚስቱ አባረረችው› ይበል። አንቺ ካርድ ክፍል ገብተሽ ማታ ማታ ከምታኮርፊ፣ እኔ አንድ ሌሊት ልሰደድ።»

ሄደ። እውነቴን ነው፣ ትራሱን እንዳቀፈ! በማግስቱ ሹፌሩ ደውሎ «ባልሽን ውሰጂልኝ፣ ፍሪጄን አጥፍቶብኝ አደረ» አላት።

ሐሙስ ጠዋት አረንጓዴ። እትዬ ሶኬቱን ነቅላ፣ ቆንጣጮቹን አላቅቃ፣ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ክርር ብላ በአንዴ ተነሳች! እልል ልል አፌን ስከፍት ኃላፊው በር ላይ ቆሟል፤ ጭንቅላቱ ላይ የጠበበችው ሄልሜት እንደ ቆብ ከላይ ተቀምጣለች፤ ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ራሷ ነገረችኝ፤ እሱም ዛሬ ድረስ አይክድም።

አስተማሪው ዘንድ በሰዓቱ ደረሱ። «ዛሬ ዳቦዬ ገና ትኩስ ነው!» አሏቸው። አንድ ተነሳች፣ ሁለት ተነሳች፣ ሦስት ተነሳች፤ በእያንዳንዱ በር ኃላፊው ይጽፋል። አምስተኛው ቤት እግሩ የቆሰለ አናጢ «ዝም ብለህ ከምትቆም ይሄን እግር ያዝልኝ» ብሎ አስያዘው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ሙሽራዋ እንዲያ ስትታዘዝ በሕይወቷ አልታየችም።

አሥራ አንደኛው ቤት ጀርባው በመተኛት ብዛት የቆሰለ ሰው አለ፤ እዚያ ሥራ ይበዛል። ኃላፊው «እኔ ደጅ ልጠብቅ፤ ቁልፉን ይስጡኝ፣ የተጓዘችውን ኪሎ ሜትር ልጻፍ» አላት። ሰጠችው።

ጨርሳ ወጥታ ማስነሻውን ብትጫነው፦ ክር… ክር… ጭጭ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ፤ አምስት ከሃያ። በእውነት አዘነ፣ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «እንግዲህ ሲስተር…» ብሎ እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋ።

እትዬ ግን የምታየው የሞተሯን ግንባር ነው። የፊት መብራቷ በጠራራ ፀሐይ እንደ ታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ያቺ ሞተር ቁልፏ ከዞረ መብራቷ አብሮ ይበራል።

«ይሄን ማነው ያበራው?»

ኃላፊው መብራቱን አየ። «ቁጥሩ ቁልፉ ሳይዞር አይታይም… ጻፍኩና…»

«መቼ ነው የጻፉት?»

ደብተሩን አወጣ። ሰው ሲያፍር እንዴት እንደሚያነብ ታውቃላችሁ። «አራት ሰዓት ከአርባ አምስት» አለ፤ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ሠላሳ አምስት ደቂቃ! ሌሊቱን ሙሉ በጠብታ የሞላሁትን፣ ባሌን ከቤት አስወጥቼ የሞላሁትን!» ካለች በኋላ አፏን ያዘች። ከዚያ ግን ሌላ ጊዜ ለበሽተኛ በምትናገርበት ድምፅ፣ «ደብተሩን ኪስዎ ይክተቱ። ከኋላ ይግፉ» አለችው።

ገፋ። መንገዷ ኮረብታ ባትሆንም አቀበት ናት። ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ልቀቅ፤ እምቢ። እንደገና ገፋ፤ ሄልሜቷ ወድቃ ተንከባለለች፤ እምቢ። በሦስተኛው አንዲት አላፊ አግዳሚ የአትክልት ዘንቢሏን አስቀምጣ ተባበረችው፤ ሙሽራዋ አስነጠሰችና ተነሳች!

«አሁን ካጠፋናት አትነሳም» አለች እትዬ እየጮኸች። «ሦስት ቤት ቀርቶናል። እኔ ስገባ እርስዎ ደጅ ሆነው ነዳጅ እየሰጡ ይያዟት። እንዳያስተኟት!»

እንዲህ ሆነ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በሦስት በር ላይ ሞተር እያስጮኸ ቆመ። ሱሪው በጭስ ጠቆረ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። መጻፍ አልቻለም፤ አንድ እጁ ነዳጅ ላይ፣ አንዱ ፍሪሲዮን ላይ ነው። በየመስኮቱ ሰው ብቅ እያለ «ሲስተር መጣች?» «ዛሬ ደግሞ ማንን ይዛ መጣች?» ይላል። እሱም ይመልሳል፤ መጀመሪያ በአጭሩ፣ በኋላ በሰፊው። አንዲት ሴትዮ ደጃፏ ላይ ቆማ የጉልበቷን ሕመም ስታጫውተው ነበር እትዬ የወጣችው።

አሥራ አራተኛው ቤት ዳሌዋ የተሰበረችው ልብስ ሰፊ ናት፤ አልጋዋ መስኮቱ ስር ነው። እትዬ ስታክማት እሷ ወደ ውጭ አንገቷን አስግጋ፣

«አንተ ልጅ!» አለችው። «የሲስተር አዲሱ ረዳት ነህ?»

ኃላፊው ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «አዎ እናቴ።»

«ጎበዝ። እንዳትተዋት፣ ካለሷ እኛ ማን አለን?»

እትዬ ሳጥኗን ዘግታ ስትወጣ ስድስት ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ሁለቱም ሰዓቱን አዩ። እሷ አፏን ለመክፈት ፈራች፤ እትዬን አስቡት!

«ሲስተር» አላት፣ በሞተሯ ጩኸት ላይ እየጮኸ፣ «ለካርድ ክፍሉ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። እርስዎን እዚያ ባስቀምጥ ይሄ ሁሉ መስኮት እኔን ነው የሚበላኝ።»

እትዬ ዓይኗን በጓንቷ ጀርባ ጠረገችና ሳጥኑን አሰረች። «በሉ እንግዲያው ያጥፏትና ትንሽ እንረፍ፤ ጨርሰናል።»

«ላጥፋት?» አለ ኃላፊው፣ ነዳጁን ጨብጦ። «አላብድም! እንደተነሳች ጤና ጣቢያ ድረስ! ላይዋ ይውጡ፣ ይውጡ፣ ሲስተር!»